ብቅሉን የማውቀው መጠጥ

ከመቱ በምወጣበት ዋዜማ፣ ገና መሸት ሲል ቤታችን በሰው ሞላ። እናቴ አረቄዋን ትቀዳለች፤ ለእያንዳንዱ ከመስጠቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። እኛ ዘንድ የቀዳው ሰው መጀመሪያ ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣም። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ «ነጋን ገሊ ልጄ፣ በሰላም ግባ» ብለው እያለቀሱ መረቁኝ። መለኪያ ይዘው የተቀመጡ አንድ የቀበሌ ሹም ግን «የአረቄ ሻጭ ልጅም አውሮፕላን ሊሳፈር ነው!» ብለው ሳቁ። የተማርኩትም፣ ቲኬቴ የተቆረጠውም በዚያችው አረቄ ነው፤ ሰውዬው የሚስቁትም እሷኑ እየጠጡ ነበር።

እናቴ ከልብሴ መሃል አንድ የውሃ ፕላስቲክ ሙሉ ሸጉጣልኝ ኖሯል። ስኮትላንድ ስደርስ የጉምሩኩ ሰው መዞ አወጣው።

«ምንድን ነው?»

«አረቄ።»

«የየትኛው ፋብሪካ?»

«የእናቴ ጓዳ።»

«ፈቃድ አላት?»

«ከማን?» አልኩት። የምሬን ነበር። እያየሁት ወስዶ ደፋው።

እዚህ ሥራዬ አዛውንቶችን መንከባከብ ነው። ዝናቡስ የኢሉባቦርን ያህል ነው፤ ግን የኛ ሲዘንብ ዘንቦ ያባራል፣ የዚህ አገር ሰማይ እንደ አኮረፈች አማት ቀኑን ሙሉ ሲነፋረቅ ይውላል። አከራዬን ዱንካንን በረደኝ፣ ማሞቂያውን አብራልኝ ስለው «ሹራብ ደርብ» ይለኛል።

ሰሞኑን እህቴ ደወለች። ሽማግሌ ሊላክላት ነው። የልጁ ቤተሰቦች የቡሬ ሰዎች ናቸው፤ «እናትየዋ አረቄ ማውጣቷን ካልተወች የአረቄ ቤት ልጅ አናገባም» ብለዋል። ደሜ ፈላ። እናቴን አስቀርቤ «እማዬ፣ እንዳትተዪ! እሁድ እስክደውል ምንም እንዳትዪ» አልኳት። «እሺ» አለችኝ። የእናቴ እሺ ግን ለሁሉም ሰው ነው።

ቅዳሜ ዱንካን ካልጋበዝኩህ ብሎ ዊስኪ ወደሚወጣበት ቤት ወሰደኝ። አስጎብኚዋ ሲንግል ሞልት ማለት ከአንድ ቤት የወጣ፣ ከገብስ ብቅል ብቻ የተሠራ ነው ብላ አስረዳችን። ብቅል! እናቴ የምትጠነስስበት ያው ብቅል። ብቅሉንም የሚያደርቁት ከረግረግ የተቆፈረ፣ ሲደርቅ እንደ ኩበት የሚነድ አፈር አንድደው በጭሱ ነው። ሰዉ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን የገባ ይመስል በሹክሹክታ ያወራል። የመጀመሪያው ጠማቂ ፎቶ በትልቅ ፍሬም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሴትዮዋ ቀዳችልኝ፤ መለኪያውን ይዤ ጠበቅኳት።

«ጠጣ እንጂ» አለችኝ።

«መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ።»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ መጠጣት አይፈቀድልኝም።»

«ታዲያ የቀዳሽው አንቺ አይደለሽ?»

ዱንካን በሳቅ ሊሞት ደረሰ። «መርዝ መሰለው!» ብሎ የራሱን ጭልጥ አደረገ። እሱ ከጠጣው ብዬ ቀመስኩ።

መጀመሪያ እንደ እናቴ ጓዳ ጭስ ጭስ አለኝ። ከዚያ ጉሮሮዬን አቃጥሎ ወረደና ምላሴ ላይ እንደ አገራችን የያዮ ማር ያለ ጥፍጥና ተወ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ።

«ይሄኮ አረቄ ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«በርሜል ውስጥ አስራ ሁለት ዓመት የተኛ ነው» አለ ዱንካን ቅር ብሎት።

ይተኛ! እናቴ የሷን ያወጣችው ሳትተኛ ነው። የእነሱ ጠማቂ ፎቶው ይሰቀላል፣ እናቴ በጓሮ በር ትሸጣለች። ይሄን ጠርሙስ ቢያገኙ በሁለት እጃቸው የሚቀበሉ ሹሞቻችን የሷን ጠጥተው፣ አፋቸውን ጠርገው ይሰድቧታል።

እሁድ ደወልኩ።

«እማዬ፣ የነጮቹን አረቄ ቀመስኩት። ካንቺው ጋር አንድ ነው፣ ብቅሉም ጭሱም! ሰዉ ከፍሎ ይጎበኘዋል!»

«ከኔ ይበረታል?» አለች እየሳቀች።

«ያንቺ አጠገብም አይደርስ!»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሽማግሌዎቹ ትናንት መጥተው ነበር፤ ሁለተኛ አላወጣም ብዬ ማልኩላቸው። የእህትህ ነገር ነው፣ ምን ላድርግ?»

«እማዬ!»

«ከማልኩ በኋላ ትልቁ ሽማግሌ ምን አሉኝ መሰለህ? ‹የተረፈች ካለች ቅጅልን እስቲ።›»

«ቀዳሽላቸው?»

«እንግዶች አይደሉ እንዴ? ያለችውን ጨርሰው፣ መርቀውኝ ሄዱ።»

አረቄዋን እየጠጡ የሳቁብኝ ሹም ትዝ አሉኝ።

«ሄሎ? ልጄ?» አለች። «ተቋረጠ እንዴ?»