ኳስ የቀዳሁበት ሃርድ ዲስክ

ይህ የደረሰብኝ አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ እስካሁን ለብዙ ሰው አላወራሁትም። ከአእምሮዬ ግን አልወጣም።

አርባ ምንጭ ከተማ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። አባቴ ከጎንደር በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እኔም ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው። ጉርድ ፎቶ፣ ምርቃትና ሠርግ አነሳለሁ። ያነሳሁትን ሁሉ ኮምፒውተሬ ላይ አስቀምጥ ነበር። ኮምፒውተሩ ሞልቶ አንድ ፎቶ ለመክፈት እንኳ ሲያቃትተው፣ በኪስ የሚያዝ ሃርድ ዲስክ ገዛሁ።

ገና ስሰካው ሠራ። የስድስት ዓመት ፎቶ ኮፒ ማድረግ ሲገባኝ፣ ከኮምፒውተሩ ላይ ቆርጬ ወደ ዲስኩ አዛወርኩት። ኮምፒውተሩ ቀለል አለ፣ እኔም ደስ አለኝ። ሁለተኛ ቅጂ ግን የትም አላስቀረሁም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ዲስኩን ቤት ወስጄ የቴሌቪዥኑ ሪሲቨር ላይ ሰካሁት። ሥራ ላይ ስሆን የሚያመልጠኝን ኳስ ልቅዳበት ብዬ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ መጣ። አላነበብኩትም። ሪሞቱን አንስቼ እሺ የሚለውን ተጫንኩ። ሁለት ጨዋታ ቀዳሁ። ሰኞ ዲስኩን ሱቅ መልሼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ሐሙስ ጠዋት ከምዕራብ ዓባያ ወረዳ አንዲት እናት መጡ። ጥቁር ለብሰዋል። የእኔ ፎቶ ቤት ስም የታተመበት ባዶ ፖስታ ይዘዋል።

«ልጄ እዚህ ፎቶ ተነስታ ነበር» አሉኝ። አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ስለሆነ አማርኛውን ቀስ እያሉ ነው የሚናገሩት። «አስቴር ትባላለች። ለትምህርት ቤት ፎርም አራት ጉርድ አነሳህላት። አራቱንም እዚያ ሰጠች። በጥር ታመመች፣ ሦስት ቀን አልቆየችም። ስልክ አልነበራትም፣ ቤታችን ሌላ ፎቶ የለም።»

ፖስታውን አገላበጡና፣ «አሁን ዓይኔን ስጨፍን ድምጿ ይመጣል፣ ፊቷ አይመጣም» አሉኝ።

«አለ እናቴ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው፣ በሙሉ ልብ። ዲስኩን ሰካሁት። ውስጡ ሁለት የኳስ ጨዋታ ብቻ ነበር።

ነቅዬ እንደገና ሰካሁት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው። ቅዳሜ ዕለት ቴሌቪዥኑ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ ወይ ብሎኝ እሺ እንዳልኩ ያኔ ገባኝ። በእኚህ ሴት ፊት እውነቱን ለመናገር አፌ እምቢ አለኝ። «ፎቶው ብዙ ስለሆነ ፍለጋው ጊዜ ይወስዳል፤ ነገ ይምጡ» አልኳቸው። መርቀውኝ ወጡ። ምርቃታቸው ከስድብ በላይ አመመኝ።

ዲስኩን ይዤ ወደ አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሮጥኩ። አየት አድርጎ «ፎርማት ሆኗል፣ አለቀለት» ብሎ መለሰልኝ። ሱቄ ገብቼ ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ። ሥራ መሥራት አልቻልኩም፤ መዝጋትም አልቻልኩም።

አንዲት ወጣት ገብታ ጉርድ ፎቶ እንዳነሳት ጠየቀችኝ። «ዛሬ አላነሳም» አልኳት። መሄድ ትችል ነበር። «ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። ለማላውቃት ልጅ ሁሉንም ነገርኳት።

ሰሚራ ትባላለች። የጅማ ልጅ ናት፤ እዚህ ከተማ ኮምፒውተር ተምራ ተመርቃ ሥራ ትፈልጋለች።

«ከጠፋ በኋላ ምን ጫንክበት?» አለችኝ።

«ሁለት ኳስ።»

ቅር አላት። «ኳሱ ያረፈበት ቦታ ላይ የነበረው አይመለስም» አለች። «የቀረውን መሞከር ይቻላል። ከአሁን በኋላ ግን ምንም እንዳትጭንበት።»

ላፕቶፗንና ሌላ ባዶ ዲስክ ከቤቷ ይዛ መጣች። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ከፍታ ሥራውን አስጀመረችው። ገና ሩቡ ሳይደርስ መብራት ጠፋ። የላፕቶፗ ባትሪ አይዝም፣ እሱም አብሮ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመጣ ከዜሮ ጀመርን። አመሻሽ ላይ ላፕቶፗን እየሠራ እኔው ዘንድ ትታ ሄደች። የማታውቀኝ ሰው ነበርኩ።

በማግስቱ ስከፍት ፍለጋው አልቆ ነበር። ፎቶዎች ተመልሰዋል፤ ነገር ግን ስምም ቀንም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ ተቆራርጠዋል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እኔ አስቴርን አላስታውሳትም። ስንት ሰው አንስቻለሁ። ፊቷን ከየት አውቀዋለሁ?

እናቷ መጡ። ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም።

«እናቴ፣ ትናንት ዋሽቼዎታለሁ። ፎቶዎቹን በገዛ እጄ አጥፍቻቸዋለሁ። የተረፉት እነዚህ ናቸው፤ እርስዎ እያዩ ካልለዩዋት እኔ አላውቃትም።»

ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበሩን ሳቡና «ክፈተው» አሉኝ።

አንድ በአንድ ማሳለፍ ጀመርኩ። ሙሽሮች፣ ተመራቂዎች፣ ሕፃናት፣ ግማሽ ፊት፣ ዓይን ብቻ፣ ምንም የሌለበት ግራጫ። «አይደለችም» ይላሉ። «አይደለችም።» ሰሚራም መጥታ በሌላው ጎናቸው ተቀመጠች። ምሳ ሰዓት አለፈ። ምስሎቹ እያለቁ ሄዱ። ቁልፉን ቀስ እያልኩ መጫን ጀመርኩ።

«አቁም» አሉ።

አንዲት ልጅ ፊት ለፊት ታየናለች። ከፀጉሯ እስከ አገጯ ጥርት ያለ ነው። ከአንገቷ በታች ሁሉም ግራጫ ነው።

«የቀረውን እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«ፊቷን ነው የፈለግሁት» አሉኝ። መዳፋቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ቆዩ። አላለቀሱም። ያለቀሰችው ሰሚራ ናት፤ ተነስታ በሩ ላይ ቆመች።

ፊቷን ብቻ ቆርጬ በትልቁ አተምኩላቸው። ደረታቸው ላይ አስጠግተው ይዘው ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

አሁን ያነሳሁትን ሁሉ ሁለት ቦታ አስቀምጣለሁ። ሰው ሲጠይቀኝም ይህንኑ እመክራለሁ። እሱ ግን አያጽናናኝም። ከስድስት ዓመቱ ፎቶ ከግማሽ በላይ አልተመለሰም። እነማን እንደነበሩበት እንኳ አላውቅም፤ ስለዚህ ማንን ይቅርታ እንደምጠይቅ አላውቅም።