የመጨረሻዋ ኳስ በማርቲንዴል

እኔ መሸነፍ አልወድም። ካርታ ላይ፣ ወረፋ ላይ፣ ፓርኪንግ ፍለጋ ላይ ሳይቀር መቅደም አለብኝ። እናቴ «አንቺ ከገዛ ጥላሽ ጋርም ትሽቀዳደሚያለሽ» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

በስደት በምንኖርበት ማርቲንዴል በሚባል ሰፈር ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ነበሩ፤ ከላሆር አጠገብ ካለች ትንሽ ከተማ የመጡ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «አንክል» ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። አንድ ቅዳሜ የደጃቸውን በረዶ ጠርጌላቸው ለሻይ ሲያስገቡኝ፣ ጠረጴዛቸው ላይ ካርዶችና ባለ ስድስት ገጽ መጫወቻ ዳይስ ተዘርግቶ አየሁ። ክሪኬት ነው አሉኝ፤ አንዱ ኳስ የሚወረውርበት፣ ሌላው በዱላ እየመታ ነጥብ የሚያገኝበት ያገራቸው ጨዋታ። በወጣትነታቸው የተጫወቱትን አንድ ግጥሚያ በዳይስ ደግመው ደጋግመው ይጫወቱታል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች በእጃቸው ካርድ ሠርተውለታል፤ ዳይሱ ቁጥር ይሰጣል፣ ካርዱ በዚያ ቁጥር ምን እንደሆነ ይናገራል። ያኔ ቡድናቸው በአንድ ነጥብ ተሸንፏል። የመጨረሻዋን ኳስ መምታት የነበረባቸው እሳቸው ናቸው። ሳቷት።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ከሰዓቴ የክሪኬት ሆነ። እኔ ተቃራኒው ቡድን ነኝ፣ እወረውራለሁ። ጨዋታው ምን እንደሆነ ሳይገባኝ አሸነፍኳቸው፤ ከገባኝ በኋላማ ጭራሽ ባሰባቸው። ዳይሱ ይወደኛል። የሳቸው መቺዎች እንደ ቅጠል ይረግፋሉ፣ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ እጨፍራለሁ። አንድ ቀን ዳይሳቸው ተንከባሎ ምንጣፍ ላይ ጥሩ ቁጥር ይዞ ቢያርፍ «ከጠረጴዛ የወደቀ አይቆጠርም!» ብዬ ጮህኩ። እንዲህ የሚል ሕግ አልነበረም። አንክል ግን ትንሽ አሰቡና ሕግ አደረጉት።

ዘንድሮ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ቤታቸው ተሸጠ። ኦኮቶክስ የሚባል ሌላ ከተማ፣ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ነው። በሚሄዱበት ጠዋት እናቴ ዳቦ ይዛ፣ እኔ ባዶ እጄን ልንሰናበታቸው ገባን። ልጃቸው ውጪ ትራኩን እየጫነ ነው። አንክል ኮታቸውን ለብሰው ባዶው ሳሎን መሃል ቆመዋል። ከኪሳቸው ዳይስ አወጡ።

«ቤታ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንድ ኳስ ብቻ፣ የመጨረሻዋን። ሁለት ነጥብ ካገኘን እናሸንፋለን። ካፒቴናችን አሁንም በሕይወት አለ። ከመሞታችን በፊት አንድ ጥሩ ወሬ ይዤ ኮል ላደርግለት እፈልጋለሁ።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የምሬን፣ መሸነፍ አማረኝ።

ድስት የታጨቀበት ካርቶን ጠረጴዛ ሆነልን። የሳቸውን ካርድ ያኔ ነው ያየሁት፤ ሁልጊዜ ተራቸው ሳይደርስ ስለምጨርሳቸው አይቼው አላውቅም። ከአንድ እስከ አራት ምንም። አምስት፣ አንድ ነጥብ። ስድስት፣ አውት፤ መቺው ተባረረ ማለት ነው።

«አንክል! እዚህ ላይ ሁለት ነጥብ የሚባል የለም እኮ! በዚህ ካርድ እንዴት ሊያሸንፉ ነው?»

«መምታት አልችልም ነበር» አሉ። «ካርዱ እውነቱን መናገር አለበት።»

«እስክሪብቶ ይስጡኝ!»

«አይሆንም።»

«ወይ ችክ ማለት!» አልኩ በአማርኛ፣ ጦፌ። እናቴ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። «ተይ እንጂ! በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለችኝና ወደ እሳቸው ዞራ «አይዞዎት ጋሼ፣ ይጫወቱ» አለቻቸው። አማርኛ አንድ ቃል አያውቁም። «ታንክ ዩ ሲስተር» አሉ።

አንድ መንገድ ብቻ ቀርቶ ነበር። መጀመሪያ ዳይስ የምጥለው እኔ ነኝ፤ አንድ ከወጣብኝ ኳሷን አበላሽቼ ወረወርኩ ማለት ነው። ለነሱ አንድ ነጥብ በነፃ ይሰጥና ኳሷ ትደገማለች። ሁልጊዜ ስድስት ስለምን የኖርኩት እኔ፣ ካርቶን ፊት ተንበርክኬ አንድ ለመንኩ። እናቴ «እፍ» አለችበት። ጣልኩ።

አንድ!

ጮህኩ። እናቴ ምኑም ሳይገባት እልልታዋን አቀለጠችው። ልጃቸው ሰው የወደቀ መስሎት እየሮጠ ገባ። እኩል ሆነናል፤ አሁን አምስት ከጣሉ አሸነፉ። ደግሜ ወረወርኩ፣ ሦስት፣ ደህና ኳስ። አንክል ኮታቸውን አውልቀው ለልጃቸው አስያዙና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ዳይሱ ካርቶኑ ላይ ዘለለ፣ ጠርዙ ላይ ተንገዳገደ፣ ወደቀ። እየተንከባለለ ሄዶ ግድግዳው ሥር ቆመ። አራታችንም በዳዴ ተከተልነው።

አምስት!

«አሸነፉ! አንክል፣ አሸነፉ!»

«ከጠረጴዛ የወደቀ አይቆጠርም» አሉኝ።

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ! ሽሬዋለሁ!»

«ጥሩ ሕግ ነው» አሉና ዳይሱን አንስተው እንደገና ጣሉት። ስድስት። አውት።

እንባዬ መጣ፣ የንዴት። አንክል ግን ዳይሱን ትንሽ አዩት፣ ከዚያ ሳቅ ፈነዳባቸው። «አልተሸነፍንም! እኩል ነው! አልተሸነፍንም!» እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው በባዶው ሳሎን መጨፈር ጀመሩ። እናቴም አላስችል ብሏት በትከሻዋ ተቀላቀለች።

እያለከለኩ ቪዲዮ ኮል አደረጉ። ካፒቴኑ ትራስ ተደግፈው አልጋ ላይ የተቀመጡ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱ በቋንቋቸው ተጯጯሁ፣ ተሳሳቁ። በመጨረሻ አንክል ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት።

«ኳሷን ያበላሸችልን እሷ ናት» አሏቸው፣ እኔም እንድሰማ በእንግሊዝኛ።

ካፒቴኑ ዓይናቸውን በአንሶላው ጫፍ ጠረጉና ቀስ ባለ እንግሊዝኛ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ያን ቀን የት ነበርሽ?»