አቶ አልተሟላም እና የተዘጋው ጥያቄ

ሰፈሩ «አቶ አልተሟላም» የሚል ስም ያወጣለት እንዲሁ በከንቱ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤት፣ አራተኛው መስኮት ላይ ተቀምጦ የሰው ማመልከቻ ሲመልስ ኖሯል። ፊርማው ከመስመር ወጥቷል፣ አልተሟላም። ማኅተሙ ደብዝዟል፣ አልተሟላም። አንድ ጊዜማ በሕይወት መኖሩን የሚገልጽ ወረቀት ሊያወጣ የመጣ ሽማግሌ መስኮቱ ሥር ቆሞ፣ «ልጄ፣ ይኸው እኔ ራሴ ቆሜያለሁ እኮ!» ቢለው፣ «እሱንማ አያለሁ፤ የማላየው ማስረጃውን ነው» ብሎ መልሶታል። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ጉቦ አይበላም፣ ዘመድ አያውቅም፣ ሥራ ገበታው ላይ አርፍዶ አያውቅም። ሌላው ሰው እግር ኳስ እንደሚወደው እሱ ደንብ ይወዳል፣ በቃ።

ዘመድ አያውቅም ያልኩት ለአፍ ማሳመሪያ አይደለም። የገዛ ልጁ ውጭ አገር ሊያገባ ሲል፣ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ፈልጎ እንደማንኛውም ሰው ተሰልፎ መስኮቱ ጋ ደረሰ። አባት ፎቶውን አየ። በደንቡ ሁለቱም ጆሮ መታየት አለበት፤ የልጁ ግራ ጆሮ ግን በፀጉሩ ተሸፍኗል። «የዚህ ፎቶ ባለቤት ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አለው። ማንን? በተወለደ በሰዓቱ ከአዋላጇ እጅ ተቀብሎ ያቀፈውን ልጁን! ልጁ ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ሌላ ፎቶ ተነስቶ እስኪመለስ መስኮቱ ተዘጋ። በማግስቱ የጉዞ ቀጠሮው አለፈ፤ ሠርጉ በስድስት ወር ተራዘመ። የሙሽሪት አባት ታሞ ነበርና ስድስት ወር አልቆየም። ልጅቷ አባቷ ሳያያት ተሞሸረች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅ ከአባቱ ጋር አንዲት ቃል አልተለዋወጠም፤ ይኸው ስድስት ዓመት አለፈው። ለእናቱ ይደውላል፤ አባቱ ክፍሉ ውስጥ መኖሩን ካወቀ ግን «በኋላ እደውላለሁ» ብሎ ይዘጋል። አባትም መጀመሪያ ላይ «ደንብ ነው ያስከበርኩት» እያለ ተኮፍሶ ከረመ። ከዚያ ጡረታ ወጣ። ጡረታ ደግሞ ክፉ ነገር ነው፣ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። ባሰበ ቁጥር ልጁ ትዝ ይለዋል፤ ናፍቆት ነበር፣ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሚስቱ ከኩሽና ብቅ ብላ፣ «እሑድ በአሥር ሰዓት የልጅ ልጃችን በቪዲዮ ትደውላለች» አለችው። «አንተም እንድታያት ልጄ ፈቅዷል። እሱ ግን አጠገቧ አይሆንም፤ ቁርጡን ነግሮኛል።»

አቶ አልተሟላም ሻዩን አስቀመጠ። ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ አገር ቋንቋ በቀር የኛን አንድ ቃል አታውቅም። «እንግዲያው እሷ ትነግርልኛለች» አለ። «"አባትሽን በድዬዋለሁ" እላታለሁ። ሕፃን የሰማውን ሳይናገር አያድርም።»

«በኛ ቋንቋ ብትላት ምን ይገባታል?»

«አንቺ ንገሪልኝ እንዳልልሽ...»

«እኔ ፖስታ ቤት አይደለሁም!» አለች ሚስት። «ስድስት ዓመት ሙሉ በራስህ አፍ በለው ስልህ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለህ፣ አሁን ነው?»

ስለዚህ እስከ እሑድ አንዲት ዓረፍተ ነገር በባዕድ ቋንቋ ማግኘት አለበት። ስልኩ ላይ ያለውን ተርጓሚ ሞከረ። የድሮ ሠራተኛ ነውና የተተረጎመውን መልሶ በኛ ቋንቋ አስተረጎመ፤ «አባትሽ ብልሽት ያለበት ዕቃ ነው» ብሎ መጣለት። «እግዚኦ! ለሕፃን ይሄን ልላት ነበር?» ብሎ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረው።

ከሚኖርበት ፎቅ ሥር መድኃኒት ቤት ያላት ሴትዮ ቋንቋ መማር ትወዳለች። እሷ የምትማረው ሌላ ነው፤ ግን መንገዱን አሳየችው። «ጋሼ፣ የቋንቋ ተማሪዎች የሚጠያየቁበት ድረ ገጽ አለ። በኛው ቋንቋ ይጠይቁ፣ አዋቂዎቹ ይመልሱልዎታል። ብቻ ደንብ ያበዛሉ።»

«ደንብ?» አለ አቶ አልተሟላም። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቱ በራ።

ቤቱ ገብቶ ማመልከቻውን እንደ ወጉ አሰናዳ። «ለሚመለከተው ክፍል፤ ጉዳዩ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲተረጎምልኝ ስለመጠየቅ» ብሎ ጀመረ። «አባትሽን በድዬዋለሁ» የሚለውን በመሐል አስገባ፤ «ለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ» አለና ሙሉ ስሙን፣ ቀኑን፣ ከሥሩ ደግሞ «ግልባጭ፦ ለባለቤቴ» ብሎ ጻፈበት። ይሄ የቆየ ልማዱ ነው። የጻፈውን ሁሉ በአሮጌዋ ማተሚያ ሁለት ቅጂ ያወጣል፤ አንዱን ፋይሉ ውስጥ ያስገባል፣ አንዱን ለሚስቱ ይሰጣል፤ እሷም የኩሽና መደርደሪያ ታነጥፍበታለች።

ላከው። ሻዩ ሳይበርድ «ለሚመለከተው ክፍል» የሚለው ጠፋ። ቀጥሎ ምስጋናው ጠፋ። ስሙ ጠፋ። ግልባጩ ጠፋ። በስድስተኛው ደቂቃ ጥያቄው ራሱ ተዘጋ፦ «የትርጉም ጥያቄ አይፈቀድም። ሰላምታና ምስጋና ትርፍ ወሬ ነው።» ይሄን የሚያደርጉት የድረ ገጹ አወያዮች ናቸው። አወያይ ይባሉ እንጂ ሲያወያዩ ያያቸው የለም። አንደኛው በፎቶው ቦታ የጉጉት ሥዕል ለጥፏል፣ ሌላው የቁልቋል።

ሌላ ሰው ቢሆን ደሙ ይፈላ ነበር። አቶ አልተሟላም ግን በአድናቆት አፉን ከፍቶ ቀረ። «በስድስት ደቂቃ!» አለ ለሚስቱ። «እኛ አንድ ፋይል ለመመለስ ቢያንስ ሦስት ቀን ይፈጅብን ነበር። ምን ዓይነት ሠራተኞች ናቸው!»

ማክሰኞ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አነበበ። «የራስዎን ጥረት ያሳዩ» ይላል። አሳየ። ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰውን መዝገበ ቃላት ሰባት ገጽ ፎቶ አንስቶ አያያዘ፤ ለማንኛውም ብሎ መታወቂያውን፣ የጡረታ ደብተሩን፣ የጋብቻ ወረቀቱን፣ ሁለት ጉርድ ፎቶም ጨመረበት። ጉጉቱ በአራት ደቂቃ አባሪዎቹን በሙሉ አነሳና፣ «የግል ሰነድ ተለጥፏል፤ ከርዕስ ውጭ» ብሎ ዘጋው። ማስረጃ በዛ ተብሎ ሲመለስ ያየው በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር። ትንሽ ቅር አለው።

ረቡዕ እንደገና ጻፈ፤ ሰላምታ የለ፣ ምስጋና የለ፣ አጥንቱ ብቻ። ቁልቋሉ ዘጋው፦ «ይህ ጥያቄ ከዚህ በፊት ተጠይቋል፤ ወደዚያ ይሂዱ።» ሄደ። አውቶቡስ ውስጥ የሰው እግር ለረገጠ ሰው ይቅርታ እንዴት ይባላል የሚል ጥያቄ አገኘ። እሱም ተዘግቷል፤ ከዚህ በፊት ተጠይቋል፣ ወደዚያ ይሂዱ። ሄደ። የጎረቤት የአበባ ማሰሮ ስለሰበረ ሰው ነው፤ እሱም ተዘግቷል፣ ወደዚያ ይሂዱ። ሄደ። ማን ቢጠብቀው ጥሩ ነው? ሰኞ ዕለት ራሱ የጻፈው፣ ራሳቸው የዘጉት የራሱ ጥያቄ!

ወንበሩ ላይ ተደገፈ። ይሄን አካሄድ ያውቀዋል። ከአራት ወደ ሰባት፣ ከሰባት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ተመልሶ ወደ አራት፤ ሰውን ከመስኮት መስኮት የሚያዞረውን ያንን አሠራር መዝገብ ቤት ውስጥ ያመጣው እሱ ነው፤ ምስጉን ሠራተኛ ተብሎ የግድግዳ ሰዓት የተሸለመበትም ነው። ከመስኮቱ ወዲህ ሆኖ ሲያየው ግን ቆሽቱ አረረ። «እናንተ ሰዎች፣ ቤተሰብ የላችሁም?» ብሎ ጮኸ። ሚስቱ ከኩሽና፣ «እሱን ሰው ሁሉ ሲልህ ነበር» አለችው።

ሐሙስን በነጥብ አሳለፈው። አወያዮቹን ለማናገር ሃምሳ ነጥብ ያስፈልጋል፤ እሱ ያለው አንድ ነው። የሰው ጽሑፍ ላይ የተዘነጋ ነጠላ ሰረዝ ሲያስገቡ ሁለት ነጥብ ይሰጣል። ከማለዳ ጀምሮ ሰረዝ ሲያስገባ ዋለ። ሃምሳ ሲሞላ በደስታ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ጻፈ፤ ምስጋና ስለተከለከለ አምስት ነጥብ ተቀነሰበት። ዓይኑ በርበሬ መስሎ ሌላ ሁለት ሰረዝ ፈለገ። ከዚያ ለቁልቋሉ «ጥያቄዬ ምን ይጎድለዋል?» አለው።

መልሱ ዓርብ ጠዋት መጣ። «ዝርዝር ይጎድለዋል። ተናጋሪው ማን ነው? የተበደለውስ? ጥፋቱስ ምን ያህል ነው? በዚያ ቋንቋ የቀላል ጥፋትና የከባድ ጥፋት አነጋገር ይለያያል።»

ጥፋቱስ ምን ያህል ነው? አቶ አልተሟላም ይቺን ደጋግሞ አነበባት። በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ሚስቱ ታውቀዋለች፣ አትጠይቅም። ልጁ አያናግረውም። ሰፈሩ ይስቅበታል። አንድ ቁልቋል ብቻ ጠየቀው፣ እሱም ለደንቡ ሲል። ሆኖም ጥያቄ ነውና መልስ ይገባዋል ብሎ መነጽሩን ጠረገና መጻፍ ጀመረ። ምሳ ሳይበላ ጻፈ።

ስለ ማስረጃው ጻፈ፣ ስለ ሙሽሪት አባት ጻፈ። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ጆሮው ባይታይም ልጄ መሆኑን አውቅ ነበር። ከጀርባውም፣ ከአረማመዱም፣ ጨለማ ውስጥ በሳሉም አውቀዋለሁ። የዚያን ቀንም ገና ሰልፉ መሐል እያለ አይቼው ደስ ብሎኝ ነበር። የመለስኩት ከኋላው የተሰለፉት ሰዎች እያዩኝ ስለነበር ነው። ለልጁ አዳላ እንዳይሉኝ ብዬ ነው። እነዚያን ሰዎች ዛሬ መንገድ ላይ ባገኛቸው አላውቃቸውም፤ እነሱም አያውቁኝም። ጥፋቱ ይህን ያህል ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ተዘግቶ አገኘው። ምክንያቱ አንድ መስመር ነው፦ «ይህ ጥያቄ አይደለም።» ከሥሩ ጉጉቱ፣ ደጋግሞ በመጠየቁ እስከ ሰኞ መታገዱን አስታውቋል።

«እውነታቸውን ነው» አለ አቶ አልተሟላም በቀስታ። አልተናደደም። አንገቱን ደፍቶ ሁለት ቅጂ አተመ፤ የተዘጉትንም ሁሉ ከነምክንያታቸው በተራ አያይዞ አንዱን ፋይሉ ውስጥ አስገባ፣ አንዱን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አኖረ። ሚስቱ ድንች ስትልጥ ነበር። እጇን ጠረገች፣ አነበበች። ከዚያ ስልኳን አንስታ ገጹን ሁሉ አንድ በአንድ ፎቶ አነሳችው። ለማን እንደምትልከው አልነገረችውም፤ ፖስታ ቤት አይደለሁም ብላ ነበርና ሳታፍር አልቀረችም።

እሑድ በአሥር ሰዓት ስልኩ ጠራ። ሕፃኗ መጣች፤ አንድ የፊት ጥርሷ ወልቋል፣ እጇ ላይ የፕላስቲክ ዳይኖሰር ይዛለች። ብዙ አወራች። አያቷ አንድም ቃል አልገባውም፤ እሱም የሚላት አንዲት ቃል የለውም።

ያን ጊዜ ከልጅቷ ጀርባ አንድ እጅ መጥቶ ስልኩን ያዘ። ጢም ያበቀለ፣ ግንባሩ የሰፋ ሰው ነው። አባትየው ወዲያው አወቀው።

«ጥያቄህን አነበብኩት» አለ ልጁ።

«ተዘግቷል እኮ» አለ አባቱ።

«አየሁት። ይሄን ሁሉ የማታውቀውን ሰው ከምትለማመጥ እኔን አትጠይቀኝም ነበር?»

«አንተ መች ታናግረኛለህ?»

ልጅቷ ካሜራውን በዳይኖሰሩ ታስነክሳለች። ልጁ፣ «እሺ፣ ልትላት የነበረው በሷ ቋንቋ ሦስት ቃል ነው። ከኔ በኋላ በል» አለውና ሦስቱን ቃል ተናገረ። አባቱ ተከተለ። ሕፃኗ አፏን ይዛ ተንከተከተች። «ምላስህን ወደ ላይ አድርግ፣ መጨረሻውን አትዋጠው» አለው ልጁ። ደገመው። ባሰ። ልጅቷ ራሷ ጮክ ብላ አረመችው። ደገመው። አራተኛው ላይ አልሳቀችም፤ ሰልችቷት ዳይኖሰሯን ይዛ ከወንበሩ ወረደችና ሄደች።

«አሁንም አልተስተካከለም» አለ ልጁ። «ድገመው።»

«እሷ እኮ ሄደች።»

«አውቃለሁ» አለ ልጁ። «ድገመው፣ አባዬ።»

ደገመው።