ማንሶክ የደበቃት ግጭት

ፒዮ ማንሶክ ከሴኡል ራቅ ባለችው በጄቾን ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ፀጉር ሲያስተካክልና ጢም ሲላጭ የኖረ ሰው ነው። ስለ ራሱ ሲጠየቅ፣ «እጄ ብልህ ነው፤ ጭንቅላቴ ግን የሰው ጭንቅላት ሲያይ እየዋለ የራሱን ረስቷል» ይላል። ያን መስከረም የሠራውን የሰማ ሁሉ፣ እውነቱን ነው ይላል።

የመኸር በዓል ሳይደርስ መቃብር ላይ የበቀለውን ሳር ማጨድ የቤቱ ወንድ ሥራ ነው። ሚስቱ ኦክቡን ደግሞ ላባቷ አንድ ናት፤ ወንድም የላትም። ሽማግሌው ሊሞቱ ሲሉ የማንሶክን እጅ ይዘው፣ «አደራ፣ ሳር እንዳይውጠኝ» ብለውታል። ያን እሑድ ጠዋት ኦክቡን ማጭዱን ስላ፣ ለአባቷ የሚቀርበውን ደረቅ ዓሣና የሩዝ ጠላ ቋጥራ መኪናው ላይ ጫነችለት። እሱ ሆዬ ከኋላ ወንበር ሥር የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ደብቋል።

ቀኑ ደስ ይል ነበር። ሟች የትም አይሄዱ፣ ነገ አጭዳለሁ አለና ወደ ግድቡ ታጠፈ። ለአማቱ የተላከውን ዓሣ እየበላ ሌላ ዓሣ ሲጠብቅ ዋለ። አንድም አልያዘም። ሲመለስ ግን ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ አንዲት ትንሽ መኪና ከኋላው መጥታ ዷ አደረገችው። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ሄዶ ወደ ፊት ተወረወረ።

እንደ ደንቡ ቢሆን አንገቱን ይዞ እያቃሰተ መውረድ፣ ከዚያም የኢንሹራንስ ገንዘብ እስኪከፈለው አንድ ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ ካርታ መጫወት ነበረበት። ማንሶክ ግን ዘሎ ወረደና፣ «ምንም አልሆንኩም! ኢንሹራንስ አትጥሪ፣ ፖሊስም አትጥሪ!» አለ።

የገጨችው ልጅ ከመኪናዋ ወርዳ መጣች። «ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት? ሐኪም ቢያይዎት…»

«ሐኪም ምን ሲደረግ! ይኸው!» ብሎ ሁለት እጁን እንደ ወፍ አርገበገበላት። ገጪዋ እሷ ሆና ሳለች የሸሸው እሱ ነው። ግድቡ አጠገብ ተገጨ የሚል ወረቀት እቤት ከገባ ምን ይውጠዋል?

በማግስቱ ትከሻውን ያዘው። ሕመሙ ከትከሻው ተነስቶ በክንዱ ወርዶ አውራ ጣቱ ድረስ ያቃጥለዋል። ማጭድ ቀርቶ ማንኪያ ማንሳት አቃተው። በዓሉ ደረሰና ኦክቡን፣ «በል ተነስ፣ አባዬ ጋ እንሂድ» ስትለው፣ ያልታጨደውን ሳር እንዳታይበት ያ ሕመም ደረሰለት።

«በዚህ ትከሻ ተራራ ልወጣ?»

«እሺ፣ ብቻዬን ደርሼ ልምጣ።»

«እኔን እንዲህ ሆኜ ጥለሽኝ?»

ቀረች። ገንፎ ሠርታ በእጇ አጎረሰችው። ማንሶክ ያን ገንፎ ሲያስታውስ እስከ ዛሬ ፊቱ ይቀላል።

በሽታውን ያወቁለት ሃያ ዓመት ሙሉ ጢማቸውን የሚላጫቸው ጋሽ ባንግ ናቸው። «ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሃምሳ አራት።»

«በቃ፣ የሃምሳ ዓመት ትከሻ ነው! ይሄ ደግሞ ምርመራ ይፈልጋል? ተንጠልጠልበት፣ አሽከርክረው፣ ይፈታልሃል!»

በዚያ አገር ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ትከሻውን ካመመው ጎረቤቱ ሁሉ የሚሰጠው ስም ይኸው ነው። ለማንሶክ ደግሞ ከሰማይ የወረደ ስም ሆነለት፤ ዕድሜ እንጂ መኪና አልገጨኝም ማለት ነዋ! በየማለዳው ወደ ሰፈሩ መናፈሻ ሄዶ ለስፖርት የተተከለውን የብረት ጎማ ከአሮጊቶች ጋር ተሰልፎ ያሽከረክራል፤ ከዚያ አጠገቡ ያለው አግዳሚ ብረት ላይ እንደ ቋንጣ ይንጠለጠላል። ስድስት ሳምንት ተንጠለጠለ። እየባሰበት ሲሄድ፣ በደንብ ስላልተንጠለጠልኩ ነው ብሎ ጨመረበት። ሞኝ ከተባለ አይቀር እንዲህ ነው!

አንድ ቀን ጋሽ ባንግን ሲላጭ ጣቶቹ በራሳቸው ተከፈቱና ምላጩ ሽማግሌው ጭን ላይ ወደቀ።

«አንተ! ልታርደኝ ነው?»

«ይቅርታ ጋሽ ባንግ፣ ጣቴ እምቢ አለኝ።»

ጋሽ ባንግ ግማሽ ጢማቸውን ይዘው ውልቅ አሉ። ማንሶክ ባዶው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ቀኝ እጁን አየው። ከዚህ እጅ ሌላ ሙያ የለውም። ያኔ ነው በእውነት የፈራው።

ኦክቡን እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችው። ወጣቷ ሐኪም ክንዱን ወደ ላይ ወደ ታች አዟዟረችው፤ ትከሻው ያለ ችግር ዞረ። ከዚያ ራሱን ወደ ቀኝ አዘንብላ ከላይ ቀስ ብላ ስትጫነው ከአንገቱ እስከ አውራ ጣቱ እሳት ወረደበት። ጮኸ።

«ትከሻዎ ጤነኛ ነው፤ ነርቩ የተያዘው ከላይ ነው» አለች። «መንጠልጠሉን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉ። አደጋ ደርሶብዎት ያውቃል? መኪና፣ መውደቅ?»

ኦክቡን አጠገቡ ናት። «ኧረ የለም» አለ።

«ሲጋራስ?»

«ሠላሳ ዓመት አጭሻለሁ።»

የሐኪሟ ፊት ተለወጠ። «እንግዲህ ያለ ምንም አደጋ ድንገት እንዲህ ጉልበት ከጠፋ፣ የሳንባዎን የላይኛውን ጫፍ ማየት አለብን። እዚያ የሚበቅል ክፉ ነገር ሕመሙን ወደ ክንድ ይልካል። ዛሬውኑ ሴኡል ላለው ትልቅ ሆስፒታል ልጻፍልዎት።»

ኦክቡን የማይታዘዘውን እጁን አንስታ በሁለት እጇ ያዘችው፤ እንባዋ ላዩ ላይ ተንጠባጠበ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ማንሶክ በሽታውን አልደበቀም፤ የደበቀው መኪናዋን ነው።

«መኪና ገጭቶኛል» አለ።

«ምን?»

«ሳሩን የማጭድ ዕለት። አላጨድኩም። ግድቡ ጋ ዓሣ ሳጠምድ ውዬ ስመለስ ነው።»

ኦክቡን ትኩር ብላ አየችው። «በእግዜር! መኪና ነው? ክፉ በሽታ አይደለም? መኪና ነው?» ብላ እየሳቀች አለቀሰች። ሳቋ ሲያልቅ ደህናውን ትከሻውን በቡጢ አቀመሰችው። ሐኪሟ ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች።

ሳንባው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ምስሉ ላይ አንገቱ ውስጥ በአጥንቶቹ መሐል ያለችው ለስላሳ ትራስ ወጥታ ነርቩን ስትጫን ታየች። ያለ ቢላዋ ይድናል፣ ግን ወራት ይፈጃል አሉት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንገቱ ላይ ማቀፊያ አጥልቆ ከኦክቡን ጋር መቃብሩ ያለበትን ተራራ ወጣ። ሳሩ ደርቆ ወገብ ደርሶ ነበር፤ የመቃብሩ ጉብታ አይታይም። ኦክቡን ማጭዱን ከእጁ ተቀብላ ብቻዋን አጨደች። ጉብታው ብቅ ሲል ተንበርክካ የሩዝ ጠላውን አፈሰሰች።

«አባዬ፣ አደራህን የሰጠኸው ሰውዬ ጥሎህ ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ ነበር። እኔ ይሞትብኛል ብዬ ስደነግጥ ሁሉን ይቅር ብዬው ኖሯል፤ አሁን መልሼ ልቆጣው ብል እምቢ አለኝ። አንተ ተቆጣልኝ።»

ማንሶክ እንደ አገሩ ወግ ለሟች መስገድ አይችልም፤ ማቀፊያው አያጎነብሰውም። በጉልበቱ ተንፏቆ ሄደና የቀረውን ሳር በግራ እጁ መንቀል ጀመረ። «ተው፣ አንገትህን» አለችው። አልተወም።