ትልቁን ቱርቦ ያስመረጥኩት እኔ ነኝ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያለው ቤቴ ከአስፋልቱ ዳር ስለሆነ፣ ጭነት የያዘ መኪና ማርሽ ቀንሶ ዳገቱን ሲጀምር ያ ቀጭን የቱርቦ ፉጨት በመስኮት ይገባል። ሰው የልጅነቱን ድምፅ ሲሰማ ደስ ይለዋል ይላሉ፤ እኔን ግን ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ቤታችን ውስጥ ይህን ፉጨት ከሁሉ ቀድማ ትሰማ የነበረችው ታናሽ እህቴ ሐዋ ናት።

አባባ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ነበራቸው፤ ከቡሬ በቆሎና በርበሬ ጭነው፣ በደምበጫ አልፈው፣ ዐባይ በረሃን ወርደውና ወጥተው አዲስ አበባ ያደርሱ ነበር። ዕድሜያቸውን ከሞተር ጩኸት ጋር ኖረው ጆሯቸው ደክሞ ስለነበር የሰው ንግግር ይሰማሉ፣ ቀጭን ድምፅ ግን ያመልጣቸዋል። ስለዚህ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ፣ አጭር መንገድ ሲወጡ ከሁለታችን አንዳችንን ጋቢና ውስጥ አጠገባቸው አስቀምጠው ያስደምጡን ነበር። መጀመሪያ ያ ወንበር የእኔ ነበር፣ ታላቅ ነኛ፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ፣ እሷ ዘጠኝ። አንድ ሐምሌ ግን ሐዋ ተራዋ ደርሶ ተቀምጣ «አባባ፣ ፉጨቱ ዛሬ ዘገየ» አለቻቸው፤ መካኒኩ ፈትቶ ሲያይ እውነትም ቱርቦው አርጅቶ ዘይት ይተፋ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወንበሩ የሷ ሆነ፣ አባባም በእንግዳ ፊት ሳይቀር «የኔ ጆሮ» ይሏት ጀመር። ጥርሴን ነከስኩባት። ያን ክረምት ጉንፋን በያዛት ቁጥር ጆሮዋ ተደፍኖ እንዲቀር እመኝ ነበር፣ አልዋሽም።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ አባባ አንዱን መርጠው ሌላውን ሊመልሱ ከአንድ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ጋር ተስማምተው ከቡሬ ሁለት ቱርቦ ይዘው መጡ፤ አንደኛው ትንሽ፣ ሌላው አፉ እንደ ጣሳ የሰፋ። ቱርቦ ማለት ሞተሩ በሚተፋው ጭስ እየተሽከረከረ መልሶ ለሞተሩ አየር የሚያጎርስ ዕቃ ነው፤ ፉጨቱ ሲሰማ ተነሳ ይባላል። የአባባ ልብ ወደ ትልቁ ያጋድል ነበር፤ መካኒኩ ይማም ግን ግቢያችን ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጦ «ጋሼ ኑሩ፣ ትንሹ ቶሎ ይነሳል። ትልቁ አንዴ ከተነሳ ማን ይችለዋል፣ ግን እስኪነሳ ድረስ የዐባይ ዳገት ቁጭ ብሎ አይጠብቅዎትም» አላቸው። ቱርቦዎቹ በየተራ ሞተሩ ላይ ታስረው፣ ተሳቢው በቆሎ ተጭኖበት፣ ወደ ማንኩሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ዳገት እንዲሞከሩ ተስማሙ።

የትንሹ ቀን የሄደችው ሐዋ ነበረች፤ ተመልሳ ፉጨቱ ልክ ዳገቱ መሃል ያለው ዋንዛ ዛፍ ጋ ሲደርሱ እንደተነሳ ለቤቱ ሁሉ አወራች። በማግስቱ ወባ ጣላትና አባባ «ዘይነባ፣ ነይ ውጪ» አሉኝ። የዒድ ቀሚሴን ለብሼ ወጣሁ።

«ፉጨቱ ሲጀምር ጉልበቴን ምቺኝ» አሉኝ ጋቢና ውስጥ። ዳገቱን ጀመርን፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ፉጨት የሚባል ነገር ግን የለም። ዋንዛው እየቀረበ ሲመጣ የሐዋ ወሬ ትዝ አለኝና፣ የእኔ ቱርቦ የሷን እንዲበልጥልኝ ፈልጌ፣ ዛፉ ጋ ሳንደርስ ጉልበታቸውን መታሁ።

ዘወር ብለው አዩኝ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ፣ አባባ።»

ፉጨቱ እውነት የተሰማኝ ዳገቱን ልንጨርስ ስንል ነበር።

ይማም «ትልቁ ቀድሞ ተነሳ? እንጃ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አባባም «እኔም ነዳጅ ስረግጥ እግሬ ላይ ከብዶኝ ነበር፣ ግን ዘይነባ ሰምታለች» አሉና ራሴን ዳበሱኝ። ከገዛ እግራቸው ይልቅ እኔን አምነው ትንሹን ቱርቦ ለዕቃ ነጋዴው መለሱት። ሐዋ ከተኛችበት ብርድ ልብሷን ገልጣ ታየን ነበር፤ ያን ቀን እንደበላሁት ምሳ የሚጣፍጥ ምግብ ከዚያ በኋላ በልቼ አላውቅም።

ጥቅምት ሜዳውን መንገድ መኪናው እየበረረ አለፈ። ኅዳር ላይ በርበሬ ደርሶ አንድ የቡሬ ነጋዴ የመጀመሪያው ጭነት በሰዓቱ ከገባ የዓመቱን በርበሬ በሙሉ ለአባባ ሊሰጥ ቃል ገባ። ዐባይን ተሻግረው ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጡ መኪናው ጥቁር ጭስ እየተፋ አልጎትት አለ፣ ሞተሩ ግሎ የላይኛው ክዳኑ፣ ቴስታታው፣ ተሰነጠቀ፣ አራት ቀንም ፀሐይ ላይ ቆሙ። ነጋዴው በርበሬውን በሌላ መኪና አስወሰደ፣ የዓመቱን ሥራም ለዚያው ሰጠ። ሞተሩን ለማሠራት ተሳቢው ተሸጠ። አባባ በአውቶቡስ ሲመለሱ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነበርኩ፤ እሳቸው ግን አልፈውኝ ገብተው ሐዋ አጠገብ ተቀመጡና «ምነው ያን ቀን ባልታመምሽ» አሏት። ያን ጊዜ ማፈር ነበረብኝ። እኔን ያንገበገበኝ ግን ለሷ መናገራቸው ነው።

በጋውን ማንም ምንም አልጠየቀኝም። አባባ ያለ ተሳቢ ከፈረስ ቤት ከተማ እህል ሲያመላልሱ ከረሙ፤ ሲመለሱ ለእኔም ለሐዋም እኩል ሸንኮራ ያመጡልን ነበር፣ እኔም አላወቁም ብዬ ቀስ በቀስ ልቤ ተመለሰ።

ዛሬ አባባ ጭራሽ አይሰሙም፣ የሚኖሩትም እኔ ዘንድ ነው። ሐዋ ቡሬ ላይ የመኪና ዕቃ ትሸጣለች። ባለፈው ረመዳን እኔ ቤት አብራን ልታፈጥር መጥታ፣ ሳህን ስናነሳ ድንገት «ያን ጊዜ እኮ ዋሽቼ ነበር» አልኳት።

«እናውቃለን» አለች፣ ሥራዋን ሳታቋርጥ። «አባባ በረሃው ላይ ሲያስቡት ገብቷቸው ነው የመጡት። ልጅ ናት፣ እንዳወቅን ካወቀች ዕድሜ ልኳን ትሸማቀቃለች ብለው አስማሉኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። ያኔ አባባን ለአንዲት ዳገት የራሴ ለማድረግ ዋሸሁ፤ ዛሬ ከእጄ ይበላሉ፣ በእኔ ክንድ ተደግፈው ይነሳሉ፣ ውኃ ሲጠማቸው የሚጠሩት እኔን ነው። ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜ ያሰብኩት ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህን ሁሉ ዓመት አባባና ሐዋ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ነገር ነበራቸው፣ እኔ ደግሞ እዚያው አብሬያቸው እበላ ነበር።