ፒዜላ ፍለጋ ወደ መርሳ

የገና ዋዜማ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወልድያ መናኸሪያ ደረስኩ። የምሄደው መርሳ፣ አክስቴ እትዬ ብርቄ ዘንድ ነው፤ ፒዜላ ልማር። ፒዜላ አያቴ ያስለመዱን የጣሊያኖች የበዓል ብስኩት ነው፤ ስስ፣ ክብ፣ አበባ የታተመበት። አያቴ ከጦርነቱ በኋላ አገራቸው ሳይመለሱ መርሳ ትዳር የያዙ ጣሊያናዊ መካኒክ ነበሩ። እናቴ በየዓመቱ በዋዜማው ብቻዋን ወርዳ ከእህቷ ጋር ትጋግርና ቆርቆሮ ሞልታ ትመለስ ነበር። ባለፈው ዓመት ዐረፈች፤ ገናም ያለ ፒዜላ አለፈ። አሁን አሠራሩን የሚያውቁት አክስቴ ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም ነገር እየጠፋባቸው ነው። ስለዚህ ደብተርና የወጥ ቤት ሚዛን ይዤ ወጣሁ፤ የቢሮ ሰው ያለ ሰነድ አይሆንለትም።

በመንገድ

ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ፈጀ። ሲሪንቃን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ጨመረ፣ ጋቢ የደረበው ሁሉ ማውለቅ ጀመረ። በየማሳው የማሽላ አገዳ ተከምሯል። መርሳ ገበያ እንቁላል ገዛሁ፤ አንዱ ሃያ ብር። ሻጯ ሳልጠይቃት «በዓል ነዋ» አለችኝ። ለሽታው ብዬ ብርቱካን ጨመርኩ።

እትዬ ብርቄ ቤት

አክስቴ ብረቱን አውጥተው ጠበቁኝ። ረጅም እጀታ ያላቸው ሁለት ክብ ብረቶች ናቸው፤ ሊጡ መካከላቸው ገብቶ ከሰል ላይ ይገላበጣል።

«ቅቤው ስንት ይሁን?» አልኳቸው ሚዛኔን አስቀምጬ።

«እስኪበቃው።»

«ሌላስ የሚገባ አለ?»

እጃቸው ሊጡ ላይ ቀረ። «ነበረ… ጠፋኝ ልጄ» አሉ፣ ዐይናቸው እንባ ሞላ። እኔም ያመጣሁትን የብርቱካን ልጣጭ ፈቅፍቄ ጨመርኩበት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አምረው ወጡ። ግን ጾም ነው፤ እንቁላልና ቅቤ ያለበትን ማን ቀምሶ ይወቅ? ይህችን ሳላስብ መምጣቴ አሳፈረኝ።

«ከድጃን ጥሪያት» አሉ አክስቴ፣ እንደ ዘወትር ሥራ።

ጎረቤታቸው እትዬ ከድጃ ሙስሊም ናቸው። መጡ፣ «ቢስሚላህ» ብለው ቆረሱ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው አኘኩ።

«እንስላሉ የታል? ደሞ የሎሚ ልጣጭ ነው እንጂ ብርቱካን መቼ ታደርጉበት ነበር? ብርቄ፣ ቸኩለሻል፤ ትንሽ ይቅላ።»

«እንስላል!» ብለው አክስቴ አጨበጨቡ።

«አንቱ እንዴት አወቁት?» አልኳቸው እትዬ ከድጃን።

«ወላሂ፣ ከሙሽርነቴ ጀምሮ በየዋዜማው የምቀምሰው እኔ አይደለሁ? እናትሽማ ሳልቀምስላት ቆርቆሮውን አትከድንም ነበር።»

እንስላሉ ከእሳቸው ጓሮ፣ ሎሚው ከሱቅ መጣ። እንደገና ለወስን፣ ጋገርን። እትዬ ከድጃ ቀመሱ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ «ይሄ የእናትሽ ነው።»

ሳልቀምሰው አለቀስኩ። ደብተሬ ላይ ከግራሙ በታች «እትዬ ከድጃ እሺ እስኪሉ» ብዬ ጻፍኩ።

ወልድያ

«እጄ አልችል ብሏል፣ ከእንግዲህ አንቺው ጋግሪ» ብለው አክስቴ ብረቱን ከተረፈው ሊጥ ጋር አስያዙኝ። ከውርጌሳ በኩል በመጣ ሚኒባስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ።

የቤተሰባችን ነው ስል የኖርኩትን ጣዕም የጠበቀው ጎረቤት ኖሯል። እኔ ደግሞ ከግድግዳ ተጎራባቼ ከወይዘሮ ሰዓዳ ጋር በሦስት ዓመት ውስጥ ከሰላምታ አላለፍኩም። ከሰል አያያዝኩ፣ በራሴ እጅ አንድ ጋገርኩና ትኩሱን በሳህን ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ደህና ነሽ? ምን ልርዳሽ?» አሉኝ ደንግጠው።

«ይቅመሱልኝ» አልኳቸው። «እኔ እስከ ነገ አልችልም።»