የትነበርሽን በላጯት ጊዜ

ዘቢደር ጧት በእስራኤሏ ከተማ በአፉላ፣ መሀል ከተማ ቢሮ ስታጸዳ ትቆይና፣ ከሰዓት በኋላ ታላቅ እኅቷ የትነበርሽ ወዳለችበት የአረጋውያን መጦሪያ ትሄዳለች። የትነበርሽን መርሳት ይዟታል። ምድጃ ለኩሳ እየተወች ቤቱን ልታቃጥለው ስትል ነው ዘመድ ተማክሮ እዚያ ያስገባት። የሰው ስም ይጠፋባታል፤ መብላቷንም ትረሳለች። የዘቢደር እጅ ራሷ ላይ ሲያርፍ ግን ታውቀዋለች።

ጠጉሯ ሸበተ እንጂ አልሳሳም ነበር። ዘቢደር ደረቁን አትነካውም። በለብታ ውኃ ታረጥበውና የወይራ ዘይት መዳፏ ላይ አሙቃ፣ የራስ ቆዳዋን በጣቶቿ ጫፍ ታሽላታለች። ከዚያ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ መጀመሪያ ጫፍ ጫፉን፣ ቀጥላ መሀሉን፣ ሥሩን መጨረሻ ላይ ታበጥራለች። የተቋጠረውን አትጎትትም፤ በጣቷ ትፈታዋለች። ሹሩባውንም አታጠብቀውም፤ የትነበርሽ በልጅነቷ አጥብቀው እየሠሯት ግንባሯ ላይ ተመልጦ ነበርና። ሲመሽ እንዳይሰባበር በለስላሳ ሻሽ ትሸፍነዋለች።

«አላመመሽም፣ እታለም?»

«ኧረ እንቅልፌን አመጣሽው!»

በፈረንጆቹ 2015 መጨረሻ፣ የእስራኤል ዝናብ ሲጀምር፣ ዘቢደርን ሥራ ቦታ እርጥብ ደረጃ አንሸራተታትና ዳሌዋ ተሰበረ። ሆስፒታል ተኛች፤ ስትወጣም አፉላ ኢሊት ሰፈር ባለው ቤቷ ውስጥ ብዙ ሳምንት ከረመች። ወደ መጦሪያው ደውላ የእኅቷን ጠጉር አደራ አለች። «በሴዴር፣ እሺ፣ አትጨነቂ» አሏት።

በምርኩዝ መራመድ ስትችል ሄደች። የትነበርሽ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ራሷ ተላጭቷል። ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ዘቢደርን ቀና ብላ አየቻት።

«ዘቢዬ፣ ማን ሞተብን?»

እነሱ ባደጉበት በጎንደር ገጠር ሴት ራሷን የምትላጨው የቅርብ ሰው ሲሞትባት ነው። ዘቢደር በምርኩዟ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ተንከባካቢዋ ሞራን ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች ልጅ ናት፤ የተወለደችው ግን እዚሁ ነው። እዚያ አገኘቻትና «ስሊሓ፣ ዶዳ ዘቢደር» አለች፤ አክስቴ ብላ በዕብራይስጥ ይቅርታ መጠየቋ ነበር። «ጠጉሯ ተያያዘ። ለማበጠር ስንሞክር ጮኸች። አለቃችን ላጩት አለች።»

«ለምን አልደወላችሁልኝም?»

«አንቺም ታመሻል ብለን…» ሞራን ዐይኗን ሰበረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የትነበርሽ እህል አልወርድ አላት። «መርዶ ትደብቁኛላችሁ» ትላለች። «ይርዳው ነው?» ዘቢደር ወንድማቸውን ይርዳውን ይዛው መጣች። የትነበርሽ አገላብጣ ሳመችው። በነጋታው ግን እንደ አዲስ ማን እንደሞተ ጠየቀች።

አንድ ቀን ዘቢደር ታከታት። «ልጅሽ ነው» አለች። «ፈንቴ ነው።»

ፈንቴ የሞተው ወደ እስራኤል ሲመጡ፣ ሱዳን መጠለያ ውስጥ፣ በትኩሳት ነው። አይሁድ መሆናቸው እንዳይታወቅ ልጁን ደብቀው ቀበሩት። የትነበርሽ ድምፅ አውጥታ እንዳታለቅስ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። አልተላጨችም፤ ደረቷንም አልመታችም። ከዚያ ወዲህ ስሙን የጠራባት ሰው አልነበረም።

አሁን ስሙን ስትሰማ «ፈንቴ!» ብላ ጮኸች። ደረቷን መታች። ሞራን ማስታገሻ ይዛ ሮጣ መጣች።

«ተያት!» አለቻት ዘቢደር። «ታልቅስ።» ራሷም ከእኅቷ ጎን ተቀምጣ አብራት አለቀሰች። የትነበርሽ ከዚያ በኋላ ትንሽ ሾርባ ቀመሰች።

በነጋታው «ማን ሞተብን?» ብላ ጠየቀች።

ዘቢደር ደነገጠች። መልሳ ብትነግራት ልጇ ዛሬ እንደሞተ ነው የሚሆንባት። በየቀኑ ይህን ልታደርግባት ነው? ዘይቱን መዳፏ ላይ አሙቃ የተላጨውን ራስ ቀስ አድርጋ ቀባችው። በሌላውም ቀን እንዲሁ አደረገች። ሞራን አጠገባቸው ቆማ ታያለች፤ ኋላ ኋላ ዘቢደር በማትመጣበት ቀን እሷ ትቀባት ጀመር።

የትነበርሽ ግን እየከሳች ሄደች። ሳንባዋን ብርድ መታትና ፋሲካ ሳይደርስ ሞተች። ያቆጠቆጠው ጠጉሯ ገና በጣት አይያዝም ነበር።

ቀብሯ ላይ ይርዳው መጀመሪያ የእሷን፣ ቀጥሎ የፈንቴን ስም ጠርቶ አለቀሰ። ታሪኩን የሚያውቁ ትልልቅ ሴቶች ለቅሶውን ተቀበሉት። ልጆቻቸው ፈንቴ ማን እንደሆነ በዕብራይስጥ እርስ በርስ ይጠያየቁ ነበር።

ዘቢደር ወደ ጽዳት ሥራዋ አልተመለሰችም። ዳሌዋ በደንብ አልገጠመም፤ ሲዘንብ ይጠዘጥዛታል።